የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና የኢንሹራንስ ዋጋ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሞተር ድምፅ የማይሰማባቸውና ጭስ የማይወጣቸው አውቶሞቢሎች እየበዙ መሄዳቸውን፥ አንባቢ ሆይ፥ ሳይመለከቱት አልቀሩም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረጋቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ዕቁብ ጥሎ፥ ከደመወዙ ቆጥቦና ከባንክ ተበድሮ አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ ዐይኑ የሚያርፈው በኤሌክትሪኩ ላይ ነው።

ይህን መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪው ዕድሜና ኃይል ስለሚሞላበት ስፍራ ብዙ ይጠይቃል። ስለ ኢንሹራንሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «በዓመት ስንት ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «በዚህ ገንዘብ ምን ገዛሁ?» የሚለው ነው። ሁለቱ አብረው ያልተጠየቁ እንደ ሆነ፥ በክፍያው ቀን የረከሰው ውል በአደጋው ቀን እጅግ የተወደደ ሆኖ ይገኛል። የዛሬው አርእስታችን ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። ኢንሹራንስ በመሠረቱ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የእድር አባል ወር በወር ጥቂት ገንዘብ የሚከፍለው ኀዘን በየወሩ ከቤቱ ይገባል ብሎ ሳይሆን፥ የገባ ቀን ሸክሙን ብቻውን እንዳይሸከም ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያም ከብዙ ባለመኪናዎች አረቦን የሚባለውን ክፍያ እየሰበሰበ አደጋ ለደረሰባቸው ለጥቂቶቹ ካሣ ይከፍላል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ እድር በጉርብትናና በይሉኝታ ጭምር ሲሠራ፥ ኢንሹራንስ የሚሠራው በተጻፈ ውል ነው። በውሉ ያልሰፈረውን ነገር በአደጋው ማግሥት በልመናም ሆነ በአማላጅ አገኛለሁ ማለት ከንቱ ተስፋ ነው።

የመኪና ኢንሹራንስ በአገራችን በሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ይከፈላል። የመጀመሪያው በሕግ የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። አሠራሩ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ሲሆን፥ ይህ መድን የሌለውን መኪና በመንገድ ላይ መንዳት የተከለከለ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደሚያመለክተው፥ የመኪና ባለቤት መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። የተጎዳው እግረኛ ካሣውን ከባዶ ኪስ እንዳይጠብቅ ሕግ ባለመኪናውን አስቀድሞ ዋስ አስጠራው ማለት ነው።

የዚህ መድን ክፍያ የሚወሰነው በተሽከርካሪው ዓይነትና በሚሰጠው አገልግሎት እንጂ በገበያ ዋጋው አይደለም። ስለዚህ በዚህ በኩል በቤንዚኑና በኤሌክትሪኩ መኪና መካከል ይህን ያህል ልዩነት አይታይም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። አንደኛ፥ ይህ መድን የሚከፍለው ለሌላው ሰው ነው እንጂ ለእርስዎ መኪና አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ሁለተኛ፥ ለሰው ሕይወት፥ ለአካልና ለንብረት የሚከፈለው ካሣ ጣሪያ የተበጀለት ነው፤ ጉዳቱ ከጣሪያው ያለፈ እንደ ሆነ ትርፉ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከእኩያው የቤንዚን መኪና ክብደቱ ይበልጣል፤ በዝግታ ሲሄድም ድምፁ ስለማይሰማ እግረኛው ሳያየው ይደርስበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሁሉ በዝግታ ሲጓዙ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ያዘዘው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ከፍ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ክፍል በፈቃድ የሚገባው ሙሉ ሽፋን የሚባለው ነው። ይህ ውል ከሦስተኛ ወገኑ በተጨማሪ የእርስዎ መኪና ሲጋጭ፥ ሲገለበጥ፥ ሲቃጠል ወይም ሲሰረቅ የሚደርሰውን ጉዳት ይክሳል። ነገር ግን «ሙሉ» የሚለው ቃል አያታልልዎ፤ ሙሉ የተባለውም ውል የራሱ አጥር አለው። የጎርፍ፥ የመሬት መንቀጥቀጥ፥ የሁከትና የሽፍታ አደጋ ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ ካልተጻፈ በስተቀር በአጥሩ ውስጥ አይገባም። በመጠጥ ኃይል የነዳ፥ መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ያስነዳ ወይም ለግል ሥራ ያስመዘገበውን መኪና ለኪራይ ያሰማራ ሰውም ከካሣው ውጭ መሆኑ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የኤሌክትሪክ መኪና በኢንሹራንስ ረገድ ከቤንዚኑ የሚለየው በምን ምክንያት ነው ቢሉ፥ አንደኛው ምክንያት ባትሪው ነው። የቤንዚን መኪና ሀብቱ በሞተሩ፥ በማርሹ፥ በራዲያተሩና በሌላውም ብዙ ክፍል ተበታትኖ ይገኛል። የኤሌክትሪኩ መኪና ሀብት ግን ከፍ ያለው ድርሻ የተከማቸው ከወለሉ በታች በተዘረጋው በአንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ የቤንዚን መኪና ሆድ ቢመታ የጭስ ማውጫ ቱቦው ይጎብጥ ይሆናል፤ የኤሌክትሪኩን ሆድ ቢመታ ግን የባትሪው ሣጥን ተሰንጥቆ ወይም ጎብጦ፥ መኪናው ከላይ ሲያዩት ምንም ሳይሆን፥ ባትሪው ሁሉ ይለወጥ የሚያሰኝ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥገናው ነው። በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ኃይል በብዙዎቹ እስከ 400 ቮልት፥ በአንዳንዶቹም እስከ 800 ቮልት ይደርሳል፤ ይህም ሰው የሚገድል ኃይል ነው። ስለዚህ ልዩ ትምህርትና ልዩ መሣሪያ የሌለው መካኒክ እጁን ሊያገባበት አይገባም። እንዲህ ያለው ባለሙያ ገና ጥቂት በሆነበት አገር የጥገናው ዋጋ ይወደዳል፤ ቀጠሮውም ይረዝማል። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በብሪታኒያ ስለ መኪና ጥገናና ስለ ኢንሹራንስ የሚመረምረው ታቻም የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፥ አደጋ የደረሰበት የኤሌክትሪክ መኪና ካሣ ከቤንዚኑ ወይም ከናፍጣው በ25 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ፥ የጥገናውም ጊዜ በ14 በመቶ ያህል እንደሚረዝም አመልክቷል። ባለሙያውና የመለዋወጫ ዕቃው በቅርብ በሚገኝበት አገር እንዲህ ከሆነ፥ ዕቃው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ በሚመጣበት በእኛ ዘንድ ኩባንያዎች ቢጠነቀቁ አያስደንቅም።

እንግዲህ ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ እንመልከት። የሙሉ ሽፋን አረቦን በመሠረቱ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ አንደኛው የመኪናው የተመዘገበ ዋጋ ሲሆን፥ ሁለተኛው ኩባንያው በመቶ የሚያስበው መጠን ነው። ከዚህ ላይ ለተጨማሪ አደጋዎች የሚከፈለው ይደመራል፤ ያለፈውን ዓመት ካሣ ሳይጠይቅ ላሳለፈ ሰው የሚደረገው ቅናሽ ይቀነሳል። ሦስተኛ ቁጥር ደግሞ አለ፤ እርሱም ተቀናሽ የሚባለው፥ በእያንዳንዱ አደጋ ባለቤቱ ከራሱ የሚችለው ድርሻ ነው። ብዙ ሰው የመጨረሻውን የአረቦን ቁጥር ብቻ አይቶ ሁለት ኩባንያዎችን ያወዳድራል፤ ይህ ግን ክብደቱን ሳያዩ የሁለት ጆንያ ጤፍ ዋጋ እንደ ማወዳደር ነው።

ነገሩ እንዲገለጥ በምሳሌ እንመልከተው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ዛሬ በገበያ 3,000,000 ብር የሚያወጣ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አለ እንበል። የመጀመሪያው ውል መኪናውን በሙሉ ዋጋው መዝግቦ በ2.5 በመቶ ሒሳብ 75,000 ብር ይጠይቃል፤ ተቀናሹም 15,000 ብር ነው። በሁለተኛው ውል ግን ባለቤቱ ክፍያው እንዲቀልለት ብሎ መኪናውን በ2,000,000 ብር አስመዘገበው፤ በዚያው በ2.5 በመቶ ሒሳብ የሚከፍለው 50,000 ብር ብቻ ሆነ፤ ተቀናሹም ከካሣው 10 በመቶ ነው። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ «25,000 ብር አተረፍሁ» ብሎ ደስ ይለዋል።

ከዚህ በኋላ መኪናው ተጋጭቶ ለማስጠገኛ 600,000 ብር ተጠየቀ እንበል። በመጀመሪያው ውል ኩባንያው 15,000 ብር ቀንሶ 585,000 ብር ይከፍላል። በሁለተኛው ውል ግን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው የተመዘገበው በእውነተኛ ዋጋው ሁለት ሦስተኛ ስለ ሆነ፥ በኢንሹራንስ የቆየ ሥርዓት መሠረት ባለቤቱ ለቀረው አንድ ሦስተኛ ራሱ የራሱ ዋስ እንደ ሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ ካሣው መጀመሪያ ወደ 400,000 ብር ይወርዳል፤ ከዚያም 10 በመቶ ተቀንሶ 360,000 ብር ይሆናል። በሁለቱ ውሎች መካከል ያለው ልዩነት 225,000 ብር ነው፤ ይህም በዓመት 25,000 ብር እያተረፉ ዘጠኝ ዓመት ቢያጠራቅሙት የሚገኝ ገንዘብ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለው ተረት እንዲህ ላለው ሰው የተነገረ ይመስላል።

ይህንን የዋጋ ጉዳይ ልዩ ትኩረት እንድንሰጠው የሚያስገድድ ምክንያት አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ባትሪውም፥ መብራቱም፥ መስተዋቱም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት መኪና ገዝቶ ውሉን በየዓመቱ በአሮጌው ቁጥር የሚያሳድስ ሰው፥ ሳይዋሽና ሳያታልል፥ ራሱ ሳያውቀው በምሳሌያችን እንደ ተጠቀሰው እንደ ሁለተኛው ባለቤት ሆኗል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ እንደ ሆነማ ነገሩ ይብስበታል። መኪናው ፈጽሞ ቢጠፋ ኩባንያው ከተመዘገበው ዋጋ በላይ አይከፍልም፤ ከሚከፍለውም ላይ ባንኩ አስቀድሞ ዕዳውን ይወስዳል፤ ለባለቤቱ የሚተርፈው ገንዘብ ሌላ መኪና መግዣ አይሆንም። የካሣው ገንዘብ ዕዳውን እንኳ ያልሸፈነ እንደ ሆነ፥ መኪናው ከሌለ በኋላ ዕዳው ከደመወዝ እየተቆረጠ ይኖራል።

በአንጻሩ ደግሞ መኪናን ከዋጋው በላይ ማስመዝገብ ጥቅም የለውም። ኢንሹራንስ ጉዳትን የሚክስ እንጂ ሰውን የሚያበለጽግ አይደለምና፥ ትርፍ የተመዘገበው ገንዘብ በከንቱ አረቦን ሲከፈልበት ይኖራል። የሚበጀው ውሉ በሚታደስበት ወር የዕለቱን የገበያ ዋጋ ጠይቆ በዚያው መጠን ማስመዝገብ ነው።

ከዋጋው ቀጥሎ የሚመጣው የቃሉ ነገር ነው። በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች ቃላቸው የተደነገገው በቤንዚን መኪና ዘመን ነው። ከእነዚያ ቃላት አንዱ «በእርጅና፥ በመካኒክ ወይም በኤሌክትሪክ ብልሽት የሚደርስ ጉዳት አይካስም» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ለቤንዚን መኪና ይህ ቃል የሚነካው የሞተር ማስነሻውንና መብራቱን የመሰለውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን ከባትሪው ጀምሮ እስከ ሞተሩ ድረስ ሁሉም ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ይህ ቃል በውሉ ውስጥ መኖሩንና ለባትሪው እንዴት እንደሚተረጐም ይጠይቁ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ስለ ባትሪው የሚጠየቁት ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ባትሪው በስሙ ተጠቅሶ በመኪናው ዋጋ ውስጥ ገብቷልን? በአደጋ ተጎድቶ አዲስ ቢተካ የአዲሱ ዋጋ በሙሉ ይከፈላልን፥ ወይስ ስለ አሮጌው ዕድሜ ይቀነስበታል? የሚቀነስ ከሆነስ በዓመት ስንት በመቶ ነው? ይጠገን ወይም ይለወጥ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? በቤት ግድግዳ ላይ የተተከለው ኃይል መሙያና ገመዱ የመኪናው ዕቃ ሆነው ይቆጠራሉን፥ ወይስ ከቤቱ ጋር? መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ኃይል መሙያውንና የመኪናውን መሣሪያ ቢያቃጥልስ? በክረምት የአዲስ አበባ ጎርፍ መኪናው ቆሞ ሳለ ቢያጥለቀልቀውስ? እነዚህን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ለሁለት ወይም ለሦስት ኩባንያዎች በአንድ ዓይነት ቃል ቢያቀርቡ፥ ያን ጊዜ በእርግጥ አወዳደሩ ይባላል።

እዚህ ላይ ኢንሹራንስንና የፋብሪካ ዋስትናን መለየት ያስፈልጋል። ባትሪ ከዓመት ወደ ዓመት ኃይል የመያዝ ችሎታው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ይህ ድካም እንጂ አደጋ ስላይደለ የኢንሹራንስ ኩባንያ አይጠየቅበትም። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ለባትሪው እስከ 8 ዓመት ወይም እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ዋስትና ይሰጣሉ። ነገር ግን ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር ነው። ነጋዴዎች ከሌላ አገር ገበያ ገዝተው ያስመጡት መኪና እንደ ሆነ፥ ዋስትናውን እዚህ አገር የሚያከብረው ማን እንደ ሆነ ከሻጩ በጽሑፍ ማግኘት ይገባል። ፋብሪካውም ኩባንያውም የማይሸፍኑት ጉዳት ከባለቤቱ በቀር ሌላ ከፋይ የለውም።

ስለ እሳት ብዙ ወሬ ይነገራልና አንድ ቃል እንጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና ይልቅ አዘውትሮ ይቃጠላል የሚለው አስተያየት ከእውነት የራቀ ነው። እነዚህ መኪናዎች እጅግ በበዙባቸው በስካንዲናቪያ አገሮች የታየው ሁኔታ የሚያስረዳው የቃጠሎው ቁጥር ያነሰ መሆኑን ነው። ነገር ግን የባትሪ እሳት ከተነሣ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ተመልሶ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ የእሳት ሽፋን በውሉ ውስጥ መኖሩን፥ መኪናው ኃይል ሲሞላ የሚነሣውንም እሳት የሚጨምር መሆኑን ማረጋገጥ ነው እንጂ መሸበር አያስፈልግም።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ካሣውን የሚያበላሹ ስሕተቶች አሉ። በመጀመሪያ ደረጃ የሰው ሕይወት ይቅደም፤ የቆሰለ ሰው ካለ ሕክምና እንዲያገኝ ይደረግ። ከዚያም ለትራፊክ ፖሊስና ለኩባንያው ሳይዘገዩ ማስታወቅ፥ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ኩባንያውም ሳያውቅ ስለ ጥፋቱ ከማንም ጋር አለመዋዋል ተገቢ ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ማንም እንዳይነካቸው ያድርጉ፤ ከፍተኛው ኃይል የሚያልፈው በእነርሱ ነው። መኪናውን ጎማው እየተሽከረከረ በገመድ ማስጎተት ክልክል ነው፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ራሱን ሊያበላሽ ይችላልና፥ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ እንዲሄድ ይደረግ። ውሃ የገባበትንም መኪና «ይነሣ ይሆን?» ብሎ መሞከር በጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው፤ ኩባንያውም የተጨመረውን ጉዳት አልከፍልም ቢል ይፈረድለታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ ያተርፋል፤ ዘይት መለወጥም ያስቀራል። ከዚህ ትርፍ ላይ ጥቂቱን ለትክክለኛው የኢንሹራንስ ውል መመደብ ወጪ ሳይሆን የትርፉ ጠባቂ ነው። በሚቀጥለው የዕድሳት ወር ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያው ሲሄዱ አምና የተከፈለበትን ደረሰኝ ብቻ ይዘው አይሂዱ። የዕለቱን የገበያ ዋጋ፥ የተቀናሹን መጠንና የባትሪውን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፈው ይሂዱ። ውሉንም ቤትዎ ወስደው፥ ከቤተ ሰብዎ ጋር ተቀምጠው፥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አደጋ ሳይደርስ የተነበበ ውል ይታረማል፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ የተነበበ ውል ግን ለጸጸት እንጂ ለሌላ አይጠቅምም።